ከባሕር ዳር ዘጌ በብስክሌት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ጠብቶ ጭቃው መጠንከር ሲጀምር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውሉልኝ ወዳጆች፣ የወዳጅ ወዳጆች፣ አንዳንዴም ብስክሌታቸውን አውቶቡስ ላይ ጭነው ከሌላ ከተማ ለመምጣት ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ሁሉም የሚፈልጉት የዘጌን ጫካ በብስክሌት ማየት ነው። መንገዱን ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ፤ ወድቄበታለሁ፤ ቡናውን ጠጥቼ አድሬበታለሁ። ደጋግሜ የምመልሳቸውን ጥያቄዎች እዚህ በአንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።

መንገዱ በየት በየት ያልፋል? ርቀቱስ ስንት ነው?

ከባሕር ዳር በምዕራብ በኩል ወጥቶ፣ የጣናን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በሩቁ እየተከተለ፣ በእርሻና በመንደር መካከል አልፎ አፋፍ ይደርሳል። አፋፍ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በር የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። እስከዚያ ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንደምትይዙት መንገድ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ ብላችሁ አስቡ። ከአፋፍ ወዲያ ጫካው ነው፤ በቡናው ሥር የሚሄዱ የእግር መንገዶች ወደ ገዳማቱ፣ ወደ መንደሮቹና ወደ ጀልባ ማረፊያዎቹ ይወስዳሉ። ጫካው ውስጥ የምትዞሩት ተደምሮ ደርሶ መልሱ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመንገድ ሥራ ዓመት ከዓመት የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ፣ የትኛው ክፍል ጠጠር፣ የትኛው እየተቆፈረ እንደሆነ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ።

70 ኪሎ ሜትር ብዙ አይደለም፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ ሜዳ ነው። ለምን ከባድ ይባላል?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ በአስፋልት ላይ ጎበዝ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ባሕር ዳር ሜዳ መሆኗ እውነት ነው፤ ከተማዋን የብስክሌት ከተማ ያደረጋትም ይኸው ሜዳነቷ ነው። ዘጌ ግን ኮረብታ ነው። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የባሕረ ገብ መሬቱ ከፍተኛ ቦታ ከዚያ በላይ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። 200 ሜትር በአንድ ጊዜ ብትወጡት ምንም አይደለም። እዚህ ግን አንድ ወጥ አቀበት የለም። ከሐይቁ ዳር ወደ ገዳም ትወጣላችሁ፣ ከገዳሙ ወደ ሌላ ማረፊያ ትወርዳላችሁ፣ እንደገና ትወጣላችሁ። አቀበቱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ከእግራችሁ ሥር ያለው ደግሞ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥርና የረገፈ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ሥሩን ይሸፍነዋል። ጥላው ከብርሃኑ ጋር እየተቀላቀለ ዓይንን ያታልላል፤ ጉድጓዱን የምታዩት ፊተኛው ጎማ ከገባበት በኋላ ነው።

ፍጥነታችሁን በዚህ ገምቱት። በአስፋልት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በፒስታ፣ ማለትም በጠጠር መንገድ፣ ላይ 13 ወይም 14 ይሄዳል፤ ጫካው ውስጥ ግን 5 ወይም 6 ከሄደ ጥሩ ነድቷል። 12 ኪሎ ሜትር ጫካ ማለት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ዕቅዳቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች ሁሉ ይህችን ሒሳብ የዘለሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ መመለሱ አለ፤ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ጥላ የሌለበት ያው 25 ኪሎ ሜትር ከእነ አቧራው ይጠብቃችኋል።

አሁን መሄድ ደህና ነው ወይ?

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለውን የጸጥታ ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ የጉዞ ቀን አያገለግልም። የምነግራችሁ እኔ የማደርገውን ነው። ከመውጣቴ በፊት ባለው ቀን አፋፍ ወይም ዘጌ ለሚኖር ሰው እደውላለሁ። በዚያው ቀን ጠዋት እንደገና እደውላለሁ። «መንገዱ ክፍት ነው?» ብቻ ብዬ አልጠይቅም፤ «ዛሬ ሚኒባስ ገብቷል? ገበያተኛው ወጥቷል?» እላለሁ። ሰው እንደ ወትሮው ከተንቀሳቀሰ እሄዳለሁ። ሚኒባሱ ከቀረ እኔም እቀራለሁ። መታወቂያ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ፍተሻ ላይ ከብስክሌት ወርጄ፣ መነጽሬን አውልቄ፣ ሰላምታ ሰጥቼ ነው የማልፈው። ድሮን አይታሰብም፤ ኬላና ድልድይ ፎቶግራፍ አይነሣም። የውጭ አገር እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ እርሱ የሚከፍለው ዋጋ ከእናንተ ስለሚበልጥ ጥንቃቄውን እጥፍ አድርጉት።

ከዓመቱ የትኛው ጊዜ ይሻላል?

ከኅዳር እስከ የካቲት። ጠዋቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ጫካው ገና አረንጓዴ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ወር ምረጥ ብትሉኝ ኅዳርን እመርጣለሁ፤ ቡናው ቀልቶ ለቀማ ላይ ስለሚሆን ጫካው በሰው ድምፅ የተሞላ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አቧራውም ዱቄት ይሆናል። በሰኔ ዝናቡ ይገባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለብስክሌት ዝግ ናቸው ብላችሁ ቁጠሩ። ዝናቡ ራሱ ችግር አይደለም፤ ችግሩ ጭቃው ነው። ቀዩ አፈር ያንሸራትታል፣ ጥቁሩ ዋልካ ግን ጎማና ሹካ መካከል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይጠብቃል፣ ብስክሌቱንም ተሸክማችሁ እንድትሄዱ ያስገድዳችኋል።

በጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት፣ መንገዱ የሕዝብና የታቦት ነው። ያን ቀን ብስክሌቱን ቤት ትታችሁ በእግራችሁ ውጡ።

ምን ዓይነት ብስክሌት ያስፈልጋል? ባለ ማርሽ ያልሆነው የከተማ ብስክሌቴ ያደርሰኛል?

አፋፍ ድረስ ያደርሳችኋል። የአካባቢው ሰው እህልና ጀሪካን ጭኖ በእርሱ ይመላለስ የለ? ጫካው ውስጥ ግን እየገፋችሁ ትውላላችሁ። የሚመቸው ሰፊ ጎማና ዝቅ ያለ ማርሽ ያለው ነው። ግራቭል የሚባለው ዓይነት፣ መሪው እንደ እሽቅድድም ብስክሌት የታጠፈና ጎማው ወፈር ያለ፣ ካላችሁ ጎማው ከ40 ሚሊ ሜትር ባይቀጥን ይመረጣል። ማውንቴን የምንለው፣ ለተራራ መንገድ የተሠራው፣ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው፤ እንዲያውም ለዘጌ ብቻ ከሆነ እኔ ማውንቴኑን እመርጣለሁ። ማርሹን ለመፈተን ቀላሉ ዘዴ ጥርስ መቁጠር ነው፦ የፊተኛው ትንሿ ማርሽ ጥርስ ብዛት ከኋለኛው ትልቁ ማርሽ ጋር እኩል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን። የፊቱ 40፣ የኋላው 28 ከሆነ ጉልበታችሁ አቀበቱን ሳታጋምሱ ያልቃል።

ከሁሉም በላይ ፍሬን። ከኮረብታው ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ፍሬናችሁን ሳትለቁ ነው የምትወርዱት። የፍሬኑ ጎማ ካለቀ ከመሄዳችሁ በፊት አስቀይሩት፤ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ጎማውን ስንት ልንፋው?

ጎሚስታ ቤት ብትሄዱ ድንጋይ አድርገው ነው የሚነፉላችሁ፤ ለአስፋልት ያ ልክ ነው። ለፒስታ ግን የጠነከረ ጎማ በየጠጠሩ ይዘላል፣ እጅና ወገብ ይጨርሳል፣ አቀበት ላይም መሬቱን አይዝም። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 40 ሚሊ ሜትር ጎማ በካላማዳሪያ ከነዳ ከፊት 40፣ ከኋላ 45 ፒ.ኤስ.አይ. (በመንፊያው ላይ የሚነበበው የነፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። 2 ኢንች ለሚደርስ የማውንቴን ጎማ 30 አካባቢ ይበቃል። ክብደታችሁ ከጨመረ ጨምሩ። ከዚህ በጣም ካሳነሳችሁት ጎማው ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይበሳል። ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፤ የሳሳው ነፋሱ ነው።

ለብልሽት ምን ምን ልያዝ?

ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ ጎማ ማውጫ፣ ልጣፊና ማስቲሽ፣ የብስክሌታችሁን ብሎኖች የሚፈታ ቁልፍ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ትንሽ ዘይት፣ ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያ። ከአፋፍ ወዲያ ጠጋኝ እንደማይኖር አድርጋችሁ ውጡ።

ማስቲሹን ከመውጣታችሁ በፊት ክፈቱና እዩ። አንድ ዓመት በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ጎማዬ ተበሳ፣ መለዋወጫዬን ቀየርኩ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያኛውም ተበሳ። ማስቲሹን ሳወጣ ቱቦው ውስጥ ደርቆ እንደ ማስቲካ ተጠቅልሏል። ስድስት ወር ቦርሳ ውስጥ አስቀምጬ አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁትም ነበር። ብስክሌቱን በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ጀልባ ማረፊያው ወረድኩ፤ እዚያ ያገኘሁት ወጣት ጀልባ ነጂ የራሱን የጎማ ማስቲሽ አውጥቶ ሰጠኝ። ማስቲሹን ቀብተን ሲነኩት እጅ እስከማይዝ ድረስ እስኪደርቅ ጠበቅን፣ ልጣፊውን ለጠፍን፣ እርሱ በድንጋይ ጫን አድርጎ ያዘልኝ። ገንዘብ ልስጥህ ስለው «ከዚህስ በኋላ ማስቲሽህን እያየህ ውጣ እንጂ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ማታ ማስቲሹን ሳልከፍት ተኝቼ አላውቅም።

ስንት ሰዓት ልነሣ?

ገና ሲነጋ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ሲነጋጋ የከተማው መንገድ ባዶ ነው፤ ነፋስም የለም። 2 ሰዓት ተኩል ላይ አፋፍ ትደርሳላችሁ፤ ሻይ ጠጥታችሁ 3 ሰዓት ሳይሆን ጫካ ትገባላችሁ። ሙቀቱ በሚበረታበት ሰዓት ጥላ ሥር ናችሁ። ቢዘገይ 8 ሰዓት ላይ መመለስ ጀምሩ፤ ምንም ነገር ቢፈጠር ከመምሸቱ በፊት አራት ሰዓት ብርሃን ይኖራችኋል። እኔ የማልደራደርበት ሕግ ይህ ነው፦ 8 ሰዓት ሲሆን የቀረ ገዳም ይቅር፣ የቀረ አቀበት ይቅር።

ምን ልብላ? በጾም ቀንስ መንዳት ይቻላል?

በሶ። ከዚህ መንገድ ጋር የሚስማማ ሌላ ምግብ አላገኘሁም። የገብስ ቆሎ ተፈጭቶ በውኃ የተበጠበጠ፣ ትንሽ ጨውና ማር ወይም ስኳር የገባበት በሶ በአንድ ጠርሙስ፣ ንጹሕ ውኃ በሌላ ጠርሙስ። ሆድ አያስጨንቅም፣ ጉልበቱ ቶሎ አይከዳም። በረጅም ጉዞ ሰውነት በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚሆን ኃይል ሰጪ ምግብ ይፈልጋል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ሙዝና ዳቦ ቆሎ ኪሳችሁን ሙሉት። ሳይርባችሁ ብሉ፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ።

በሶው፣ ሙዙ፣ ቆሎው ሁሉም የጾም ነው። ከባዱ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚጾም ሰው ይህን ጉዞ በዐቢይ ጾም ወይም ረቡዕና ዓርብ ባያስበው እመክራለሁ፤ ባዶ ሆድና የመጋቢት ፀሐይ ተደማምረው ራስ ያዞራሉ፤ የዞረበት ሰው ደግሞ ይወድቃል። የዘጌ ሰው ቡና ጠጣ ሳይላችሁ አያሳልፋችሁም። ጠጡ። ቡናው በዚያው ጫካ የበቀለ ነው።

ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ይዛችሁ ውጡ፤ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው፣ ሰውነት ያጣውን ውኃና ጨው የሚተካው ኦ.አር.ኤስ. አንድ ሁለት ፓኬት ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ሐይቁ አጠገቤ ነው፤ ከርሱ ብጠጣ፣ ገብቼ ብቀዘቅዝስ?

አይሆንም፣ ሁለቱም። በጣና ዳርቻ፣ ዘጌንም ጨምሮ፣ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፍና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ለመያዝ መዋጥ አያስፈልግም፣ ቆሞ እግር መታጠብ ይበቃል። ላባችሁ ቢያቃጥላችሁም ከያዛችሁት ውኃ ፎጣ አርጥባችሁ አንገታችሁ ላይ አድርጉ።

ጫካው ውስጥ በፈለግሁት መንገድ መንዳት እችላለሁ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቀው ነው የሚሄደው።

ዘጌ ደን ሆኖ የቀረው ባለቤት ስላለው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የዘጌን ገዳማት የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በዚህ መሬት በሬ እንዳይጠመድ፣ ከብት እንዳይረባ፣ ሰው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ እንዲኖር አዝዘዋል። ሕዝቡ ቃሉን ጠብቆ ኖረ። በጣና ዙሪያ ያለው አብዛኛው ኮረብታ ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን፣ ይህ አንዱ ዋንዛውን፣ ሾላውንና ዋርካውን እንደለበሰ ቆየ። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የባዮስፌር (የተፈጥሮ ጥበቃ) ሥፍራ አድርጎ ሲመዘግብ ከተጠበቁት ደኖች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ጎማችሁ የሚረግጠው የሰው ጓሮ፣ የሰው ቡና፣ የገዳም ደጅ ነው። ባዶ ጫካ አይደለም።

አንድ ኅዳር አራት ሆነን ገባን። ከአንድ ቤት ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ሰሌን ተዘርግቶ ቀይ ቡና ተሰጥቶበታል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጓደኛዬ በዳር አልፋለሁ ብሎ ጎማው የሰሌኑን ጠርዝ ያዘ፣ ቡናውም ቁልቁለቱ ላይ ተበተነ። አንዲት እናት ከቤት ወጡ። አልጮኹም። ተንበርክከው ፍሬውን ከቅጠሉ ሥር አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። እኛም ብስክሌቱን ጥለን አብረን ተንበረከክን። አፈር የነካውን ፍሬ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ሰሌኑ ይመልሱት ነበር። ግማሽ ሰዓት ለቀምን። ስንጨርስ ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ቡናውስ ተለቀመ፤ ከሰው ደጅ ስትደርሱ ግን ወርዳችሁ ብትሄዱ ምን ይጎድልባችኋል?» አሉን።

ያን ቀን ጀምሮ የዘጌን መንገድ የምነድፈው በመውረጃ ቦታዎቹ ነው። ከቤት ደጅ፣ ከስጥ አጠገብ፣ ከገዳም አጥር፣ ሸክም ያለበት ሰው ሲመጣ፣ ልጆች ሲጫወቱ፣ ወርጄ እገፋለሁ። ለዚህ በጊዜ ሒሳቤ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰዓት ይዤለታለሁ። ዝናብ ካለፈ ሁለትና ሦስት ቀን ካልሆነ ጫካ አልገባም፤ እርጥብ መንገድ ላይ የጎማ ቦይ ከተቀደደ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይከተለዋል። አዲስ አቋራጭ አላወጣም። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ መንገድ የሚያሳይ የአካባቢውን ወጣት ይዞ መሄድ ነው፤ ተገቢውን ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከማንኛውም የስልክ ካርታ ይበልጣል፤ ካርታው የማን ደጅ እንደሆነ አይነግራችሁም።

ገዳማቱን ማየት እችላለሁ? በብስክሌት ልብስስ?

ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም ሁሉም በዚሁ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ናቸው። ጊዜ ለአንዱ ብቻ ካላችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ፤ ክብ ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። የመግቢያ ክፍያ ስላለ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ብስክሌቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ጫማው ከበሩ ውጭ ይቀራል።

የተጣበቀ የብስክሌት ቁምጣ ለብሶ መግባት ነውር ነው። ቀለል ያለ ሱሪ ወይም ረጅም ቀሚስና ነጠላ ከቦርሳችሁ አይጥፋ፤ ነጠላዋ በአቧራው ላይ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ በዕረፍት ጊዜ መቀመጫ ትሆናለች። ካህን ስታገኙ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላችሁ ተሳለሙ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱም ወሬውም ይከፈትላችኋል። ሴቶች ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገባሉ። በደሴቶቹ ካሉት ውስጥ ግን ክብራን ገብርኤል ለወንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ጉዞውን በጀልባ የምታራዝሙ ከሆነ አስቀድማችሁ እወቁት።

ውሻ፣ ከብትና ጉማሬስ?

ውሻ ሲያባርራችሁ አትሩጡ። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ሁኑ፤ አብዛኛው ይመለሳል። ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ከብትና አህያ ከኋላ ሲደርሱባችሁ ይደነግጣሉ። ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ እረኛውን ሰላም በሉ፣ እርሱ ሲያሳልፋችሁ እለፉ።

ጉማሬ በቀን ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ማምሻውን በዳርቻው ሣር መካከል በብስክሌት ማለፍ ሞኝነት ነው። ከጉማሬና ከውኃው መካከል የገባ ሰው ማምለጫ የለውም።

ከደከመኝ በጀልባ መመለስ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ለጀማሪ እንዲያውም እመክረዋለሁ። በብስክሌት ሄዳችሁ በሞተር ጀልባ ተመለሱ፤ የጀልባው ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ስለሚነሣ ማዕበሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከእኩለ ቀን ብዙ ሳታልፉ ተሳፈሩ። ዋጋውን ብስክሌቱንም ጨምራችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ቁረጡ፣ የሕይወት መንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ብስክሌቱ በገመድ ይታሰር፤ ካቴናው ወደ ላይ ይሁን። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ለዓይን ደስ ይላል፣ ብስክሌት ግን አይጫንበትም።

ለመዘጋጀት የት ልለማመድ?

ቤዛዊት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የተሠራበት ኮረብታ ነው። ዓባይን ቁልቁል እያያችሁ አንድ ጊዜ ውጡት፤ በሳምንቱ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ አምስት ጊዜ። ስድስት ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን ከነዳችሁና አንዱ ቀን ረጅም ጉዞ ከሆነ ለዘጌ ትደርሳላችሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የምትይዙትን ቦርሳ ሞልታችሁ ተለማመዱ። ከቆላ ወይም ከባሕር ጠለል አካባቢ የሚመጣ ሰው 1,800 ሜትር ላይ ትንፋሽ ያጥረዋልና ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይድረስ።

ከዚህ የከበደ እፈልጋለሁ። ወዴት ልሂድ?

ዘጌን በነጋታው ከጢስ ዓባይ ጋር አገናኙት። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፏፏቴው በፊት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የዓላታን የድንጋይ ድልድይ በእግራችሁ ትሻገራላችሁ። ፏፏቴው የሚሞላው በነሐሴና በመስከረም ቢሆንም መንገዱ ያኔ ጭቃ ነው፤ ጥቅምት ሁለቱን ያስታርቃል። በመመለሻችሁ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በብስክሌት ማለፍ ለደከመ እግር ስጦታ ነው።

ጣናን ሙሉ በሙሉ መዞርስ? በቁንዝላ፣ በደልጊ፣ በጎርጎራ አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያ በወረታ መመለስ፤ ትልቁን ገባር ግልገል ዓባይን መሻገር አለበት፣ በፎገራ ዋልካ ማለፍ አለበት፣ የብዙ ቀን ስንቅ አለው። ህልሜ ነው። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሁሉ ክፍት የሚሆንበትን ዓመት እየጠበቅሁ ነው።

ብቻዬን ብሄድ? ብወድቅስ?

ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሦስት ሰው ልክ ነው። አንዱ ቢጎዳ ሁለተኛው አብሮት ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ሰው ይጠራል። የራስ ቁር ግዴታ ነው። ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ኮረብታው ጀርባ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ጫካው ውስጥ ግን መኪና ስለማይገባ የተጎዳውን ሰው ወደ አፋፍ ወይም በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ማድረስ የእናንተ ሥራ ነው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የወባ ምርመራ አድርጉ።

ብስክሌት ባሕር ዳር ላይ መከራየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ለከተማ የተዘጋጁ ናቸው። ከተከራያችሁ በዋዜማው ውሰዱት፣ ቤዛዊትን አንድ ጊዜ ውጡበት፣ ማርሹን ሁሉ ቀያይሩ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ፈትኑ። የሚንቋቋ ኩሽኔታ ወይም የሚወዛወዝ ቸርኬ ካለ በዚያው ማታ መልሱት።